የማልኮስ ጆሮ

ከአቃቂ ድልድይ ማዶ፣ ከሐዲዱ በታች፣
የመምህር እንግዳሸት ጎጆ ነበረች፤
ባቡር ባለፈ ቁጥር ትርገፈገፋለች።
ያን ጊዜ ንባብ ይቆማል፣ መጽሐፉ ይታጠፋል፤
"ይለፍ" ይሉናል፣ "የቸኮለ ያልፋል፤
ቃሉ የትም አይሄድ፣ ተቀምጦ ይጠብቃል።"

ሰገሌን ያነሱልን አንድ ቀን ብቻ ነበር፣
ከሰፌድ ምስር ላይ ሲለቅሙ ጠጠር፦
"ተኩሱ ካባራ፣ ሬሳ ስናገላብጥ፣
የእኛን ከእነሱ ለይተን ልንመርጥ፣
ያው ክር፣ ያው ማተብ፣ ያው የዳዊት ማኅደር።
ጥይቴ ማን ጋ እንዳደረ እስከ ዛሬ አላውቅ፤
እናቱን ባገኛት በምን አፌ ይቅርታ ልጠይቅ?
ምንሽሬን ሸጥሁና ብራና ገዛሁበት፤
ገዥው 'በፍየል ቆዳ?' ብሎ ሳቀበት።"

እኛን ግን ዓመት ሙሉ ያቆዩን አንድ ጆሮ ላይ ነው፤
በጌቴሴማኒ ሌሊት ጴጥሮስ የቀነጠሰው።

"ስለ ምን ጆሮ?" ይላሉ፣ ጣታቸውን ከመስመሩ ሳያነሱ።
"አንድም፣ አንገት ፈልጎ ሳተ፤ ዓሣ አጥማጅ ሰይፍ የት ለመደ?
አንድም፣ ሰይፍ የመዘዘ ሁሉ መጀመሪያ የሚቆርጠው የሰሚውን ጆሮ ነው፤
ነገ ወንጌል ሊነግረው ቢሻ፣ በየት በኩል ያስገባለታል?
አንድም፣ ጌታ እጁ ሳይታሰር የሠራት የመጨረሻ ተአምር
ጠላት ያቆሰለውን ሳይሆን ወዳጅ ያበላሸውን መጠገን ነበር።"

እኛም "አንድም" እያልን ወንዝ ወርደን ልብስ እናጥባለን፤
ልጆች ነበርን፤ ሰይፍ ለምሳሌ ብቻ የተጻፈ ይመስለን።

በሃያ ስምንት መስከረም፣ ነጋሪት ሲጎሰም፣
ከደጃቸው ቆመ ጉርሜሳ ጭቃ ሹም፦
"ይባርኩልን፣ የኔታ። ሦስት ነው። አንዱ መቀርቀሪያው ይይዛል።"
"ሰዎቹን ልባርክ። ብረት ነፍስ የለው፣ ምን ይሆንለታል?"

ያን ዕለት "ፈሪ" ወጣላቸው፤ ቅጥላው ገበያ ወረደ፤
እንጨት ሻጯ እንኳ ዕዳ ሳይኖርባቸው ፊቷን አዞረች።
ከአሥራ አንድ ተማሪ ስምንታችን ሄድን።
እኔም ሄድሁ። አልዋሽም፣ አልጸጸትም።
በሌሊት ነበር፤ ሳል ይዞኝ፣ አፌን በጋቢ አፍኜ፣
እንዳይሰሙኝ።
ደብረ ሲና ላይ ስንቄን ስፈታ፣ ከበሶው ሥር፣
አንድ ጥንድ ጫማቸው ተጠቅልሎ ነበር።

ስመለስ ሰኔ ነው። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት።
ግራ ጆሮዬ የለም፤ በአንድ ቦምብ፣ በአንድ ቅጽበት
ጠፋ፤ ቅርጹ አለ፣ ድምፅ ግን አይገባበት።
ጫማውን አትጠይቁኝ። ከሞተ ጓደኛዬ እግር ላይ
ልፈታው አቃተኝ፣ ትቼው መጣሁ።

የኔታ ከሐዲዱ ዳር ጉድጓድ ይቆፍሩ ነበር፤
ከጎናቸው የጣልያን አስካሪ፣ ሁለት ቀን ያደረ፣
ማንም አላነሳውም። ጉርሜሳ ከአጥሩ ኋላ ቆሞ ያያል፣
አይረዳም፣ አይከለክልም።
እኔ ሰላምታም አልሰጠሁ፦

"የኔታ፣ ጤዛ የሚመስል ነገር ከሰማይ ሲወርድ፣
የሰው ቆዳ እንደ ድንች ልጣጭ ሲገፈፍ በመንገድ፣
ሣሩን የጋጠች ላም ቆማ ስትሞት አየሁ፤
ያን የረጨውን ሰው፣ ያ ፊቱን ያላየሁ፣
ከደመና በላይ የሆነ፣
ጆሮው የት ነው? በየት እጅ ልፈውስ?"

ዶማውን ተደግፈው ቆሙ።
ባቡር መጣ፣ የእነሱን ወታደር አጭቆ፤
እስኪያልፍ ጠበቅን፣ እንደ ድሮው፣
ፉርጎው አልቆ፣ መሬቱ መንቀጥቀጡን እስኪተው።

ከዚያ ቀረብ አሉኝ፣ በግራዬ በኩል፤
ከንፈራቸው ሲከፈት አየሁ፤ "አንድም" ማለታቸውን
ከአፋቸው ቅርጽ አወቅሁት፤ ዓመታት አይቼዋለሁና።
የቀረውን አልሰማሁም።
ድገሙልኝም አላልሁ።
ዶማውን ተቀበልኋቸው። ዝናቡ ሳይጀምር
ጉድጓዱ ገና ክንድ ይቀረው ነበር።